ለ600 ሰው መንደር 0.075 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ፦ ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ዊስኮንሲን ውስጥ 600 ሰው በሚኖርባት አንዲት መንደር የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኦፕሬተር ነኝ። አየር የሚነፋባቸው ሁለት ኩሬዎችና አንድ የማዝቀጫ ኩሬ አሉን፤ በቀን 60,000 ጋሎን ገደማ እናስተናግዳለን። እስከ ዛሬ የፎስፈረስ ገደብ አልነበረብንም፤ ወደ ጅረቱ የምንለቀው ውሃ በሊትር 3.5 ሚሊ ግራም ያህል አለው። አሁን በታደሰው ፈቃድ ላይ 0.075 የሚል ቁጥር መጣብን። ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ እዚያ ለከተማ እንኳን 2 ሚሊ ግራም ይፈቀዳል ይለኛል። ይህ እኮ ከመጠጥ ውሃ የጠበቀ ነው! አንዱ ሻጭ ኬሚካል በብዛት ከጨመራችሁ ትደርሱበታላችሁ ይላል፤ ሌላው ሚሊዮኖች የሚያስወጣ ማጣሪያ ካልተከላችሁ አይሆንም ይላል። ዙሪያችንን ያለው ማሳ ሁሉ የላም ፍግ የሚረጭበት ነው፤ የእኛ የ600 ሰው ፍሳሽ ምን ለውጥ ያመጣል? ቦርዱ ምን ቢወስን ይሻላል?»

መልስ፦ ከቁጥሩ እንነሳ፤ ቀሪው ሁሉ ከእሱ ይከተላልና። 0.075 የእናንተ ጣቢያ ምን ማድረግ እንደሚችል ታይቶ የወጣ ቁጥር አይደለም። የጅረቱ ቁጥር ነው። ዊስኮንሲን በዲሴምበር 2010 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ ለጅረቶች በሊትር 75 ማይክሮ ግራም (ያው 0.075 ሚሊ ግራም)፣ በስም ለተዘረዘሩ ትልልቅ ወንዞች ደግሞ 100 ማይክሮ ግራም የፎስፈረስ ልክ ወስናለች። ፈቃድ ጸሐፊው የሚያሰላው ጅረቱ በደረቅ ወቅት፣ ውሃው እጅግ በሚያንስበት ሳምንት፣ የእናንተን ፍሳሽ ተቀብሎ ከዚያ ልክ ሳያልፍ መቆየት ይችል እንደሆነ ነው። ከቧንቧችሁ በላይ ያለው ውሃ ንጹሕ ከሆነ ጅረቱ ያቀጥንላችኋል፣ ገደባችሁም ይላላል። ከላይ የሚመጣው ውሃ ራሱ ልኩን ካለፈ ግን የሚያቀጥን ነገር የለም፤ ያኔ የጅረቱ ልክ እንዳለ የእናንተ ገደብ ይሆናል። የእናንተ ቁጥር ከ75 ጋር አንድ መሆኑ የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ ጅረቱ እናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሞልቷል። አንድ ዓይነት ኩሬ ካላቸው ሁለት መንደሮች አንዷ 0.8፣ ሌላዋ 0.075 የምትቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ትንሽ ነን» የሚለው መከራከሪያ ድሮ ይሠራ ነበር። በ1992 የወጣው ደንብ 1 ሚሊ ግራም የሚል ገደብ የጣለው በወር ከ150 ፓውንድ በላይ ፎስፈረስ በሚለቁ የማዘጋጃ ቤት ጣቢያዎች ላይ ነበር። የእናንተ በወር 52 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ ለዓመታት ማንም አልነካችሁም። የ2010ሩ ደንብ ግን መነሻው የጅረቱ ጤና እንጂ የጣቢያው መጠን ስላልሆነ እንዲህ ያለ ማምለጫ የለውም። በኦገስት ድርቅ ጊዜ ወደ ቧንቧው አፍ ወርደው ይመልከቱ፤ ከላይ የሚመጣው ውሃ ጫማ እንኳ የማይሸፍን ከሆነ ከታች የሚፈሰው «ጅረት» በአብዛኛው የ600 ሰው ፍሳሽ ነው። ለዓሣው ደግሞ የመንደሩ ሕዝብ ብዛት ምንም አይደለም።

የመጠጥ ውሃ ንጽጽሩን ይተዉት፤ ቦርዱ ፊት ያዳክማችኋል። ፎስፈረስ በዚህ መጠን ሰውን አይመርዝም፤ ለመጠጥ ውሃም ገደብ አልተበጀለትም፤ እንዲያውም ብዙ የውሃ አገልግሎቶች ሆነ ብለው ይጨምሩታል፣ ወደዚያ እመለሳለሁ። ጉዳዩ የመርዝ ሳይሆን የማዳበሪያ ነው። በጨው አልባ ውሃ ውስጥ አልጌ እንዳይበዛ አብዛኛውን ጊዜ ልጓም የሚይዘው የፎስፈረስ እጥረት ነው። በ1973 በካናዳ ኦንታሪዮ ተመራማሪዎች 226 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው ለሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ሰጡ፤ ፎስፈረስ የጨመሩት ለአንዱ ብቻ ነበር። ያ ወገን እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ፣ ሌላው ጠርቶ ቀረ። ከሰማይ የተነሣው የዚያ ሐይቅ ፎቶግራፍ ከብዙ ክርክር በላይ ሕግ አስለውጧል። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ ደረቅ ክብደቱ አንድ መቶ ኪሎ የሚሆን አልጌ ማብቀል ይችላል። እኛ ይህን ለማወቅ ካናዳ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጣና ላይ እምቦጭ ሲንሰራፋ ያየ ሰው፣ ከማሳ የታጠበ አፈርና ከከተማ የወረደ ፍሳሽ ውሃን ሲመግብ ምን እንደሚበቅል ያውቀዋል።

የአክስትዎ ልጅ አልተሳሳተም፤ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ1991 መመሪያ በቀላሉ በሚጎዱ የውሃ አካላት አካባቢ ከ10,000 እስከ 100,000 ሰው ለሚያገለግሉ ጣቢያዎች 2፣ ከዚያ ለሚበልጡ 1 ሚሊ ግራም ይላል። ያ በጣቢያው መጠን የተበጀ ወጥ ልክ ነው፣ የወንዙን ልክ የተከተለ አይደለም። በ2024 የጸደቀው አዲሱ መመሪያ ደግሞ ወደ 0.7 እና 0.5 አውርዶታል። እንደ እናንተ ላለች የ600 ሰው መንደር መመሪያው ቁጥር የለውም፤ እዚያም ቢሆን ግን ወንዙ ከታመመ የአካባቢው ባለሥልጣን የጠበቀ ልክ መጣል ይችላል።

ቀጥሎ ፈቃዱን እንደገና ያንብቡ፤ ብዙ ኦፕሬተር ቁጥሩን አይቶ ከደነገጠ በኋላ ቀሪውን ገጽ አያነብም። በዊስኮንሲን ከ0.3 በታች የሆነ ገደብ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በስድስት ወር አማካይ ነው፦ ከሜይ እስከ ኦክቶበር አንድ፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ሌላ። ለወር ደግሞ የዚያ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 0.225 ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ መጥፎ ሳምንት ብቻውን ወንጀለኛ አያደርጋችሁም። ከዚህም በላይ ገደቡ ዛሬ አይጸናም። ደንቡ እስከ 7 ዓመት፣ የማጣሪያ ዓይነት ግንባታ የሚያስፈልግ ከሆነ እስከ 9 ዓመት የሚደርስ የማሟያ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በየዓመቱ ምን ሪፖርት እንደሚቀርብ የሚዘረዝረው ሠንጠረዥ ፈቃዱ መጨረሻ ላይ አለ። ያ ሠንጠረዥ ዛሬ ለእናንተ ከ0.075 ይበልጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ ቀን ማሳለፍ ገደብ እንደ መጣስ ይቆጠራልና።

አሁን ወደ ሻጮቹ። ኬሚካል ጨምሩ የሚለው ሰው ግማሽ እውነት ነግሯችኋል። አልሙኒየም ሰልፌት ወይም የብረት ክሎራይድ ፎስፈረሱን አያጠፋውም፤ ሟሙቶ የነበረውን ወደ ጠጣር ይለውጠዋል። አይብ ሲወጣ አይቡና አጓቱ እንደሚለያዩት ያለ ነገር ነው። እውነተኛው ፈተና አይቡን ከአጓቱ አጥልሎ ማስቀረት ነው። የእናንተን ቁጥር እንያዝ። ከማዝቀጫው ኩሬ የሚወጣው ውሃ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ብናኝ አለው እንበል፤ ለኩሬ ይህ በጣም ጥሩ ውጤት ነው። ኬሚካል ከገባበት በኋላ ከዚያ ብናኝ 3 በመቶው ፎስፈረስ ቢሆን ብናኙ ብቻውን 0.3 ሚሊ ግራም ይዞ ይወጣል። የሟሟው ፎስፈረስ ዜሮ ቢሆን እንኳን ከወርኃዊው 0.225 አልፋችኋል፤ ከ0.075 ደግሞ አራት እጥፍ ርቃችኋል። ኬሚካሉን እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ብታደርጉት ይህ ስሌት አይለወጥም፣ የኬሚካሉ ዋጋና የዝቃጩ ብዛት ግን ይጨምራል።

በክብደት ስናየው ነገሩ ይበልጥ ይገባል። በቀን ወደ ጣቢያችሁ የሚገባው ፎስፈረስ 3 ፓውንድ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ገደማ ነው። 0.075 ማለት ከዚያ ውስጥ በቀን 17 ግራም ብቻ ልቀቁ ማለት ነው፦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚመዝን፣ በ60,000 ጋሎን ውስጥ ተበትኖ። ይህን የሚይዘው ብናኙን ወደ 1 ሚሊ ግራም አካባቢ የሚያወርድ የአሸዋ፣ የጨርቅ ወይም የሜምብሬን (ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን) ማጣሪያ ነው፤ እሱም ከፊቱ ኬሚካል ገብቶለት። ስለዚህ ሁለተኛው ሻጭ ስለ ቴክኖሎጂው አልዋሸም። ያልነገራችሁ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ማጣሪያም የማይዘው ፎስፈረስ መኖሩ ነው፤ በኦርጋኒክ መልክ ሟሙቶ ያለ፣ ለአልሙኒየምም ለብረትም የማይገዛ ክፍል አለ። በተለይ ፋብሪካ ያለበት መንደር ይህ ክፍል ብቻውን የገደቡን ትልቅ ድርሻ ሊበላ ይችላል። እኔ በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ይህን ሳልለካ የማጣሪያ ዲዛይን ካጸደቁት አንዱ ነበርኩ፤ ማጣሪያው ተተክሎ፣ ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ፣ የላቦራቶሪው ወረቀት ግን ወር በወር ከገደቡ በላይ ይመጣ ነበር። ያ መንደር ብድሩን ዛሬም እየከፈለ ነው። ከዚያ ወዲህ የፎስፈረሱን ክፍሎች የሚያሳይ የአንድ ዓመት መረጃ ካላየሁ በምንም ማጣሪያ ላይ አልፈርምም።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። 600 ሰው ማለት 250 ቤት ገደማ ነው። እያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ዶላር በ20 ዓመት ያለ ወለድ እንኳን ቢከፈል ለአንድ ቤት በዓመት 200 ዶላር ነው፤ ኬሚካሉ፣ መብራቱ፣ የማጣሪያው ጨርቅ ቅያሪ፣ በክረምት የሚሞቀው ቤትና የሚጨመረው ሠራተኛ ገና አልተቆጠረም። በጡረታ ደመወዝ ለሚኖሩ አሮጊት ይህ ቀላል አይደለም። አቅም የሌለው መንደር ምርጥ ማሽን ሲገዛ መጨረሻው ምን እንደሆነ አይቻለሁ፦ በአምስተኛው ዓመት መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለ ማሽኑ በማለፊያ ቧንቧ ይታለፋል።

ኬሚካል ግን ይቅር ማለቴ አይደለም። ለእናንተ የሚጠቅመው 0.075ን ለማምጣት ሳይሆን ከ3.5 ወደ 0.7 አካባቢ ለማውረድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይታያል። ኩሬ ለሆነ ጣቢያ ከብረት ይልቅ አልሙኒየም ምረጡ። በብረት የታሰረ ፎስፈረስ በኩሬው ወለል ኦክስጅን ሲያልቅ እንደገና ይፈታል፤ በሞቃቱ ወራት መጨረሻ «ከየት መጣ?» የሚያሰኘው ጭማሪ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። በአልሙኒየም የታሰረው ግን ኦክስጅን ቢጠፋም አይፈታም። በእናንተ ፍሰት ከ3.5 ለመነሣት በመነሻ ግምት በቀን 6 ጋሎን ገደማ ፈሳሽ አልሙኒየም ሰልፌት ያስፈልጋል። የሚገባው ወደ ማዝቀጫው ኩሬ መግቢያ ላይ፣ ውሃው በሚናወጥበት ቦታ ነው፤ ኩሬው መሐል ጠብ ቢደረግ ሳይደባለቅ ይሰምጣል። ውሃ እያጠራቀሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚለቁ ኩሬዎች ባሉባቸው ቦታዎች ኦፕሬተሮች ኬሚካሉን በሞተር ጀልባ ጭነው፣ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ማዕበል ላይ እያፈሰሱ ኩሬውን ወዲያ ወዲህ ያርሱታል። የጀልባው ሞተር እንደ ማማሰያ ያገለግላል፤ ውጤቱም ከ1 ሚሊ ግራም በታች ይወርዳል። የእናንተ ሳይቋረጥ ስለሚለቅ ፓምፕና ጋን ይበቃችኋል።

መጠኑን ግን ከሻጭ ብሮሹር አይውሰዱ። ከሁለተኛው ኩሬ መውጫ ውሃ ቀድተው፣ በስድስት ባለ ሁለት ሊትር ማሰሮዎች ከፋፍለው፣ ለእያንዳንዱ የተለያየ መጠን ይስጡ። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ሃያ ደቂቃ በዝግታ አማስለው ግማሽ ሰዓት ይተዉት። በትክክለኛው ማሰሮ ውስጥ ነጫጭ ቅንጣቶች እየተያያዙ ወፍረው ሲወርዱ በዓይን ይታያል፤ ባነሰው ማሰሮ ውሃው እንደ ወተት እጣቢ ደፍርሶ ይቀራል። ከላይ ያለውን ቀድተው ፎስፈረሱን ያስለኩ። ይህን በጁላይም በጃንዋሪም ያድርጉት፤ ውሃው ሁለት ዓይነት ነው። በጁላይ ከሰዓት በኋላ አልጌው የኩሬውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው አሲዳማ ነው) ከ9 በላይ ያወጣዋል፤ አልሙኒየም ደግሞ በደንብ የሚሠራው 6 አካባቢ ስለሆነ አቅሙ ይወድቃል። በጃንዋሪ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ቀጭንና ሰነፍ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። አልሙኒየም ሰልፌት አሲድ ነው፤ ጋኑ ከሥሩ ሁለተኛ ማቀፊያ፣ አጠገቡም የዓይን መታጠቢያ ይኑረው። የውሃውን አልካሊኒቲም (አሲድን የመቋቋም አቅሙን) ይበላል፤ የዊስኮንሲን የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ጠንካራ ስለሆነ ይቋቋመዋል፣ ነገር ግን ኩሬያችሁ አሞኒያንም ወደ ናይትሬት የሚለውጥ ከሆነ ያም አልካሊኒቲ ስለሚበላ ሁለቱ ተደምረው ፒኤቹን ሊጥሉት ይችላሉ። ፒኤች ሲወድቅ የሟሟ አልሙኒየም ዓሣ ይገድላል። ዝቃጩም ይጨምራል፤ የማዝቀጫው ኩሬ የሚጠረግበት ዓመት ከድሮው ይቀርባል፣ ያ ወጪ ዛሬውኑ በጀት ውስጥ ይግባ።

ከኬሚካልም በፊት ርካሹ ሥራ ፎስፈረሱ ከየት እንደሚገባ መፈለግ ነው። ዊስኮንሲን የልብስ ሳሙና ፎስፌትን ከከለከለች ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የእቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙናውም በ2010 ተከተለ፤ ስለዚህ ሕዝቡን ስለ ሳሙና ማስተማር ብዙ አይጨምርላችሁም። ሁለት ቦታ ግን ሂዱ። የመጀመሪያው የራሳችሁ የውሃ አገልግሎት ነው። ቧንቧ እርሳስና መዳብ እንዳይለቅ ፎስፌት የሚጨምር ከሆነ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ያህል ፎስፈረስ ከጉድጓዱ ቤት ወደ እናንተ እየላከ ሊሆን ይችላል። ይህ ወደ ጣቢያው ከሚገባው ስድስት ሚሊ ግራም ስድስተኛው እጅ ነው። ይህን ማስቆም ግን በእናንተ ሥልጣን አይደለም፤ የሕፃናትን ጤና ከእርሳስ የሚጠብቅ ነገር ነውና የመጠጥ ውሃ መሐንዲሱ ሳይመክርበት አንድ ጠብታ አይቀነስ። መጠኑ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ መገኘቱ ግን ብርቅ አይደለም። ሁለተኛው የወተት ወይም የአይብ ማቀነባበሪያ ካለ እሱ ነው። ወተት ራሱ ፎስፈረስ አለው፤ ጋኖቹንና ቧንቧዎቹን የሚያጥቡበት አሲድም ብዙ ጊዜ ፎስፎሪክ አሲድ ነው። አንድ መንደር ውስጥ በየማለዳው ወደ ጣቢያው የሚገባው ፎስፈረስ ለሁለት ሰዓት በእጥፍ ሲጨምር አይተን ጉድጓድ በጉድጓድ ክዳን እየከፈትን ወደ ላይ ስንወጣ መጨረሻችን አንድ ትንሽ አይብ ቤት ጓሮ ሆነ። የሚያጥቡበትን አሲድ ፎስፈረስ በሌለበት ቀየሩ። ለመንደሩ ያስወጣው የጥቂት ናሙናዎች ዋጋ ብቻ ነበር።

ወደ ገበሬዎቹ ስንመጣ ቅሬታዎ መሠረት አለው። የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ ፈቃድ የሚጠይቀው ከቧንቧ ለሚወጣ ነገር ነው፤ በዝናብ ከእርሻ የሚታጠበውን ነፃ አድርጎታል። በብዙ የዊስኮንሲን ተፋሰሶች ትልቁ ፎስፈረስ የሚመጣው ከማሳ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ የሚጻፈው ግን በእናንተ ፈቃድ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ግዛቲቱ ይህን አይታ በሮች ከፍታለች፤ ከሁለቱ ሻጮች አንዳቸውም ያልነገሯችሁ ይህንን ነው።

አንዱ በር ለብዙ ጣቢያዎች በጋራ የተፈቀደ የገደብ ማዘግያ ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በፌብሩዋሪ 2017 ለ10 ዓመት አጽድቆታል። ማጣሪያ መትከል ኢኮኖሚውን የሚጎዳበት ካውንቲ ውስጥ ከሆናችሁ በመጀመሪያው የፈቃድ ዘመን 0.8፣ ቀጥሎ 0.6፣ ቀጥሎ 0.5 እያላችሁ ትሄዳላችሁ። በምትኩ ከ0.2 በላይ ለምትለቁት ለእያንዳንዱ ፓውንድ 50 ዶላር (በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ የሚስተካከል) ለካውንቲው ትከፍላላችሁ፤ ካውንቲው ቢያንስ 65 በመቶውን ለገበሬዎች የአፈር ጥበቃ ሥራ ያውለዋል። በእናንተ ፍሰት እያንዳንዱ 1 ሚሊ ግራም በዓመት 183 ፓውንድ ገደማ ነው። ምንም ሳትሠሩ በ3.5 ብትቆዩ ክፍያው በመነሻው ዋጋ ከ30,000 ዶላር ያልፍ ነበር፤ 0.7 ላይ ከደረሳችሁ ግን ወደ 4,600 ዶላር ይወርዳል። ኬሚካሉ ራሱን የሚከፍለው እዚህ ጋ ነው። ማዘግያው በራሱ የጊዜ ገደብ አለው፣ ማመልከቻውም እንዲሁ፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት የተፈጥሮ ሀብት መምሪያው ዘንድ ደውለው ለእናንተ ፈቃድ በሩ ክፍት መሆኑንና እስከ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሌላው በር ግብይት ነው። ከቧንቧችሁ በላይ ካለ ገበሬ ጋር ተዋውላችሁ እሱ ከማሳው የሚያስቀረው ፎስፈረስ ለእናንተ ይቆጠራል። 0.7 ላይ ብትደርሱ እስከ 0.075 የሚቀራችሁ በዓመት 114 ፓውንድ ነው። ከማሳ የሚገኘው ቅነሳ እንደ ቧንቧ በትክክል ስለማይለካ ቢያንስ 1.2 እጥፍ፣ ማለትም 137 ፓውንድ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ይበልጣል። ከአንድ ኤከር ሁለት ፓውንድ የሚያስቀር ማሳ ብታገኙ ከ70 ኤከር ያነሰ መሬት ነው። ያም የሚሠራው የበቆሎ ማሳን ክረምቱን ሙሉ በሽፋን ሰብል በመሸፈን፣ በጅረቱ ዳር ሣር በመተው፣ ፍግን በረዶ ላይ ባለመርጨት ነው። ገበሬዎች የማዳበሪያ ዕቅዳቸውን በሚሠሩበት ስናፕ ፕላስ በሚባለው ፕሮግራም ይሰላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ገበሬው ውሉን ትቶ ሣሩን ቢያርሰው በሕግ የሚጠየቀው እሱ ሳይሆን መንደሩ ነው። ውሉ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ማሳ ይያዝ፣ በየዓመቱም በእግር ሄዳችሁ እዩት።

ሦስተኛው ከተፋሰሱ ሰዎች ጋር አብሮ ጅረቱን ራሱን ወደ 75 ማውረድ ነው። ማዲሰን አካባቢ የያሃራ ተፋሰስ ከተሞችና መንደሮች በትልቁ የከተማው የፍሳሽ ድርጅት መሪነት ገንዘባቸውን አዋጥተው ይህን መንገድ ይዘዋል፤ በ2012 በሙከራ ጀምረው በ2017 ወደ ሙሉ ሥራ ገብተዋል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን የሚመዘነው በጅረቱ ውሃ ውጤት ስለሆነ ለብቻዋ ለቆመች የ600 ሰው መንደር ሸክሙ ይከብዳል። ጎረቤት ትልቅ ከተማ ከጀመረው ተቀላቀሉ፤ ራሳችሁ አትጀምሩት።

አንድ ሌላ ነገር የአፈር ካርታ ላይ እዩ። በጣቢያው አቅራቢያ አሸዋማና ከርሰ ምድር ውሃው ጠለቅ ያለ መሬት ካለ ውሃውን ወደ ጅረት ከመልቀቅ ይልቅ በማስረጊያ ኩሬ ወደ መሬት ማስገባት ይቻላል። የጅረቱ የፎስፈረስ ገደብ ያኔ አይመለከታችሁም። በምትኩ ናይትሮጅንና ክሎራይድ ይመጣሉ፤ የሰው ጉድጓድ አጠገብ ካለ ናይትሬት የሕፃናት አደጋ ነውና ያለ ሃይድሮጂኦሎጂስት አንድ አካፋ አፈር አይነሣ። ሸክላማ መሬት ከሆነ ይህን አንቀጽ ይለፉት።

ስለዚህ ለቦርዱ የምለው ይህ ነው፦ በዚህ ዓመት ማጣሪያ አትግዙ፣ ከሁለቱ ሻጮች ከአንዳቸውም ጋር ውል አትፈርሙ። የማዘግያውን ማመልከቻ ጊዜ ዛሬ አረጋግጡ። ለ12 ወር በየሁለት ሳምንቱ ከሚገባውም ከሚወጣውም ውሃ ጠቅላላ፣ ተጣርቶ የሚለካና በኬሚካል የሚያዝ ፎስፈረስ ለየብቻው አስለኩ። በዚያው ዓመት የውሃ አገልግሎቱንና አይብ ቤቱን መርምሩ፣ ጊዜያዊ ፓምፕ ተከራይታችሁ አልሙኒየሙን ከሜይ ጀምሮ ሞክሩ። 0.8ን በአስተማማኝ ሁኔታ ካገኛችሁ ወደ ማዘግያው ግቡ፤ በማዘግያው ዘመንም ከላይ ካሉ ሁለት ወይም ሦስት ገበሬዎች ጋር የግብይት ውል ገንቡ፣ ማዘግያው ሲያልቅ ባዶ እጃችሁን እንዳትገኙ። ማጣሪያ የሚነሣው ገበሬ ካልተገኘ፣ መሬቱም ካልጠጣ፣ የዓመቱ መረጃም በኬሚካል የማይያዘው ፎስፈረስ ከ0.03 በታች መሆኑን ካሳየ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ትንሽ የሙከራ ማጣሪያ በተጎታች መኪና አምጥቶ በራሳችሁ ውሃ ላይ፣ በፌብሩዋሪ ብርድ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ያሠራላችሁ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።